ስለተገኙ እናመሰግናለን

በሞራን ከተማ ከቀጠሮ የሚቀር ሰው የለም። ቢታመም፣ እንቅልፍ ቢጥለው፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ሆድ ቢብሰው፣ ቀጠሮው ላይ ይገኛል። ራሱ ካልሄደ ተጠሪው ይሄድለታል። ተጠሪ ማለት ያው ሰውየው ነው፤ ድምፁ የሱ፣ ሳሉ የሱ፣ ሲጨንቀው ጆሮውን የሚጎትትበት ጣት እንኳ የሱ። ሥጋ ብቻ የለውም። የአገሩ ሰዎች ተጠሪያቸውን የወላጆች ስብሰባ ይልኩታል፣ ሠርግ ይልኩታል፣ ለበዓል አማት ቤት ይልኩታል፤ አማትየዋም ብልጥ ከሆነች የራሷን ተጠሪ አስቀምጣ ትጠብቀዋለች። ስደተኛ ግን ተጠሪ የሚሠራለት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤት ጠርቶት ሲቀር።

ትርንጎ ይታይህ ይህን የተማረችው ግንቦት አሥራ ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ወለል ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየደቃች ሳለ ነው። ስልኳ ከጎኗ ብልጭ አለ። ጎረቤቷ እትዬ አረጋሽ ከሥራ የተደወለ መስሏቸው አነሡትና ዐይናቸውን አጥብበው አነበቡት።

«ምን ይላል?» አለች ትርንጎ በሰለለ ድምፅ።

«‹ችሎትዎ ተጠናቋል። ስለተገኙ እናመሰግናለን› ይላል። የምን ችሎት ነው? ያንቺ ችሎት ባለፈው ሳምንት አልፎ የለም እንዴ?»

ትርንጎ ልቅሶዋን አቋረጠች።

«ዛሬ ነበር» አለች።

በክፍሉ ውስጥ የነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተገኝ ብቻ ቆባቸውን አወለቁና መልሰው አጠለቁት።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ትርንጎ የሸመላ ልጅ ናት። ሸመላ ቆላ ነው፤ ውሃው ከመሬት ሥር ነው፤ ጉድጓዶቹ ጠባቂ አላቸው፣ ጠባቂዎቹም ጠመንጃ አላቸው። ወንድሟ አበጀ ጉድጓድ ለኪ ነበር፤ እሷ የለካውን ትጽፋለች። ጠባቂዎቹ ለሕዝቡ «ለአርባ ዓመት የሚበቃ ውሃ አለ» ሲሉ፣ አበጀ በስብሰባ መካከል ተነሥቶ «ያለው የአሥራ አንድ ወር ነው» አለ። ትርንጎም ደብተሩን ገልጣ ቁጥሩን አነበበች። በማግስቱ አበጀን ወሰዱት። እሷ በጨው ጫኝ መኪና አመለጠች፣ ባሕር ተሻገረች፣ ሞራን ገባች። ጠባቂዎቹ ለእናቷ «ልጅቷ ደብተሩን ይዛ ትመለስ፣ ልጁን እንለቅልሻለን» ብለው ላኩ። የጥገኝነት ጥያቄዋ ከዚህ አያልፍም፤ ወንድሜ በእጃቸው ነው፣ ብመለስ እኔንም ይይዙኛል የሚል ነው።

ሞራን ከገባች ሦስት ዓመት ሆናት። ቀን ቀን የባሕር ሣር ማድረቂያ ውስጥ ሣር ትለቅማለች። የምትኖረው ሠላሳ ሁለት ቤተሰብ የኛ ሰው በሚኖርበት ፎቅ ነው። እዚያ ለመግባት ማንም ስደተኛ አንድ ወረቀት ይፈርማል፤ ግድግዳው እንዲሰማ። ድሮ ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል አነጋገር ነበር። አሁን በወረቀት የሚፈረም ውል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው በሹክሹክታ ያወራል፣ በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቸዋል፣ በሦስተኛው ከሚስቱ ጋር እየተጯጯኸ ይጣላል። ትርንጎም ረስታው ነበር።

አበጀ ጥቅምት ላይ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ወሬው የደረሰው ለጋሽ ተገኝ ነው። ጋሽ ተገኝ ድሮ የጂኦግራፊ መምህር የነበሩ፣ ነገር አላምጠው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከእትዬ አረጋሽና ከአራት ሽማግሌዎች ጋር ደረጃ ላይ ተቀምጠው መከሩ። ትርንጎ ገና ችሎት አላት። ልቧ የተሰበረ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ ምን ይናገራል? ስለዚህ «ችሎቷ ይለፍላት፣ ከዚያ እናረዳታለን» ተባለ። ፎቁ በሙሉ ሰባት ወር አፉን ዘጋ። ሕፃናቱ እንኳ ያውቁ ነበር። ስትጠይቅ «ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛውሯል፣ እዚያ ስልክ አይገባም» ይሏታል። ሚያዝያ ላይ መንግሥት የማመልከቻ ማደሻ ወረቀት ላከላት፤ «ወንድምዎ በሕይወት አሉ?» ለሚለው «አዎ፣ ታስሯል» ብላ ፈረመች።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው ከሁለቱም ወገን ነው። እነሱ ሞቱን ደበቋት፤ እሷ ደግሞ ቀጠሮዋን ደበቀቻቸው። ችሎቱ ለግንቦት ስድስት ነበር፤ ሁለት ቀን ሲቀረው ፍርድ ቤቱ ወደ አሥራ ሦስት አዛወረው። ትርንጎ ለማንም አልተናገረችም። ባለፈው ዓመት የሦስተኛ ፎቋ ጥሩዬ ቀጠሮዋ ሲዛወር የሰው አፍ እንዴት እንዳደረጋት አይታለች፤ «ዕድሏ ጠማማ ነው፣ አይሆንላትም» እየተባለች ከርማ እውነትም በመጀመሪያው አልሆነላትም፤ በይግባኝ ነው የተረፈችው። እናቷም ሲያሳድጓት ነገር ሳይሆን አይወራም ብለዋታል። ስለዚህ ግንቦት ስድስት ጠዋት ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ተመርቃ ወጣች፤ እስከ ስድስት ሰዓት የባሕሩን ዳር ስትዞር ቆይታ ተመለሰች።

«እንዴት ሆነልሽ?» አሏት እትዬ አረጋሽ።

«ደህና ነው። ይነግሩኛል» አለች።

ሰዎቿ አለፈላት ብለው ተነፈሱ። ሳምንት አስተነፈሷትና ግንቦት አሥራ ሦስት፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው በሯን አንኳኩ። ራሷን መሬት ላይ እንዳትጥል እትዬ አረጋሽ ቀድመው ገቡና አቀፏት። ያን ጊዜ ነው የገባት። ጋሽ ተገኝ ገና «ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን» ከማለታቸው ጮኸች። ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣ እሷ ወለል ላይ ስትንከባለል፣ ተጠሪዋ ፍርድ ቤት ስሟ ሲጠራ «አቤት» አለች።

ሦስት ቀን ንፍሮ ተቀቀለ፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። በአራተኛው ቀን ጥያቄዋ ውድቅ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። በአምስተኛው ቀን ጠበቃ ኢልዛ ቢሮ ሄደች። ኢልዛ የአገሩ ልጅ ናት፤ ወፍራም ድምፅ ያላት፣ ፊት ለፊት ተናጋሪ ሴት።

«ማየት አለብሽ» አለቻት። «ደስ አይልም፣ ግን ካላየሽው መከራከር አንችልም።»

በግድግዳው ላይ ትርንጎ ታየች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች። ስትናገር አፏን በእጇ ጀርባ ትሸፍናለች፤ ሸመላ እያለች የፊት ጥርሷ ከተሸረፈ ጀምሮ እንዲህ ናት። ወንበሩ ላይ ጫፍ ይዛ ተቀምጣለች። ትርንጎ ራሷም በዚያች ሰዓት የኢልዛን ወንበር ጫፍ ይዛ ነበር፤ ስታየው ወደ ኋላ ተለጠጠች።

«ወንድምዎ የት ነው ያሉት?» ይላል የማይታየው ዳኛ ድምፅ።

ተጠሪዋ መሬት መሬት አየች። «አበጀ ሞቷል» አለች።

«መቼ?»

«ጥቅምት ላይ።»

«መቼ አወቁ?»

«ያኔውኑ።»

«ታዲያ ሚያዝያ ላይ በሕይወት አለ ብለው ለምን ፈረሙ?»

«ማንም አልነገረኝም ነበራ» አለች ተጠሪዋ፣ በሚገርም ትሕትና።

ደብዳቤው ላይ ይህች መልስ በሙሉ ተጠቅሳለች፤ በፍርድ ቤት ላይ እንደማላገጥ ተቆጥራለች። ኢልዛ ምስሉን ልታቆም ስትል ትርንጎ እጇን ያዘቻት። ተጠሪዋ ወንበሯ ላይ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀምራ ነበር። ከዚያ ደረቷን ደቃች፣ በቀጭን ድምፅም አወረደችው፤

ጉድጓድ ሲለካ ኖሮ ወንድሜ አበጀ፣
የሱን ጉድጓድ ማነው ለክቶ ያበጀ።

ትርንጎ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ይህን ሙሾ ከማንም አልሰማችውም። በዚያች ጠዋት ከራሷ ሆድ የወጣ ነው፤ እትዬ አረጋሽም ሰምተው አልቅሰዋል።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ይህን ያለችው?» ስትል ጠየቀች።

ኢልዛ አየች። «ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት።»

ተጠሪዋ የተሠራችው የፎቁ ግድግዳ ከሰማው ነው፤ ያም በፋይሉ ውስጥ ነበርና ኢልዛ እሱንም ፈልጋ አገኘችው። ትርንጎ ያንኑ ሙሾ ቤቷ ያወረደችው ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ነው። ተጠሪዋ ሁለት ደቂቃ ቀድማታለች። ኢልዛ ተነሥታ ለትርንጎ ውሃ ቀዳችላት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይግባኙ ግን ተቀባይነት አገኘ፤ ለሐምሌ ሃያ ማክሰኞ ተቀጠረ። ኢልዛ ጭብጡን በአንድ ጣቷ አስረዳቻት። «ጥያቄው አንድ ነው። ሚያዝያ ላይ ስትፈርሚ ታውቂ ነበር ወይስ አታውቂም ነበር? ካላወቅሽ ተጠሪዋ የተናገረችው ያንቺን ቃል አይደለም፣ ውሳኔው ይሻራል፣ አዲስ ችሎት ታገኛለሽ። ካወቅሽ ግን ዋሽተሻል፣ ሐሙስ መርከብ ላይ ትሳፈሪያለሽ። መርከቧ ደግሞ ቀጥታ ሸመላ ወደብ ነው የምትሄደው። እና አንድ ነገር ልንገርሽ። ተጠሪዋ አልተዘጋችም። ይግባኝ ካለ ፋይሉ እስኪዘጋ ካንቺ ጋር ታድጋለች። ከግንቦት ወዲህ የሆነውን ሁሉ ይዛለች።»

ትርንጎ ወደ ቤቷ ስትመለስ እጇን እንዴት እንደምታንቀሳቅስ እያሰበች ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወጥ ስታማስልም፣ ጫማ ስታስርም አንዲት ሴት ከሆነ ቦታ አብራት የምታማስል፣ አብራት የምታስር እየመሰላት ትቆም ነበር።

ሰኔ ሲያልቅ ሌላ ነገር ተጨመረ። የፎቁ ሊፍት ዘፈን አለው፤ የአገሩ ዘፈን ነው፣ ሰው ገብቶ እስኪወርድ ይዘፍናል። ትርንጎ ስትገባ ማቋረጥ ጀመረ። መጀመሪያ የተበላሸ መሰላት። አንድ ቀን ከጥሩዬ ጋር ገባች፤ ዝም አለ። ትርንጎ ሁለተኛ ፎቅ ወርዳ በሩ ሲዘጋ ዘፈኑ ከኋላዋ ሲጀምር ሰማችው። በበነጋው የደረጃው መብራት እሷ ስታልፍ ደብዘዝ አለ፤ ከሷ ኋላ የነበረው ሰው ሲደርስ ደግሞ ቦግ አለ። ለማን ትናገረዋለች? ይግባኝ ያለበት ሰው ሊፍት አኮረፈኝ ብሎ አያወራም።

እትዬ አረጋሽም በዚያ ሰሞን ከወትሮው አብዝተው ደግ ሆኑ። ገንፎ ይዘው ይመጣሉ፣ ብቻሽን አትደሪ ብለው ሶፋዋ ላይ ያድራሉ። ለእናቷ ለመደወል ስልኳን ስታነሣ «ጠበል ገብተው የለም እንዴ? ሱባኤ ናቸው፣ ስልክ አይፈቀድላቸውም» ይሏታል።

«ማን ነገራችሁ?»

«አጎትሽ ለተገኝ ደውሎ ነበር።»

«ለኔ ለምን አልደወለም?»

«አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ፣ የኔ ልጅ። ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ትርንጎ ገንፎውን በላች። እናቷ ጠበል መሄድ ይወዳሉ፤ ነገሩ የማይሆን አይደለም።

ይግባኝ ላይ የሚቀመጡት ዳኛ ሰው ናቸው። ይህ በሞራን ብርቅ ነው። ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ ስድሳውን ያለፉ ሴት ነበሩ፤ መነጽራቸውን ደጋግመው ይጠርጋሉ። የሚሉትን ነገር የትርንጎ ጆሮ ውስጥ ያለችው አስተርጓሚ በአማርኛ ትናገራለች። አስተርጓሚዋ አማርኛዋ እንከን የለውም፤ ግን በጭራሽ አትተነፍስም። ከኋላ ወንበር ላይ ከፎቁ የመጡት ሰዎች በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል። ከትርንጎ ማዶ ባለው መስታወት ውስጥ ተጠሪዋ ተቀምጣለች። ትርንጎ ጥቁር ለብሳ ነው የመጣችው፤ የወንድሟ ሐዘን አልወጣላትም። ተጠሪዋም ጥቁር ለብሳለች። የሷ ነጠላ ግን ተዘቅዝቋል፤ አዲስ ሐዘን የደረሰበት ሰው እንደሚያደርገው። ትርንጎ አይታው የሠሪዎቹ ስሕተት ነው ብላ አለፈችው።

ጋሽ ተገኝ ለምስክርነት ቆሙ። ነገሩን ከጥቅምት ጀምረው በእርጋታ አወጉት።

«ሠላሳ ሁለት ቤተሰብ ሰባት ወር ምስጢር ጠበቀ እያሉን ነው?» አለ የመንግሥት ነገረ ፈጅ። ወጣት ነው፤ ፀጉሩን በዘይት አስተኝቶታል።

«ጠብቋል።»

«ሕፃናትም?»

«የኛ ሕፃናት ሌላ ነገር አይደብቁም፤ ይህን ግን ይደብቃሉ።»

«ለምን? ሰው ወንድሙ መሞቱን የማወቅ መብት የለውም?»

«መብት አለው። ግን ደግሞ ሲነገረው የሚይዘው ሰው የማግኘት መብት አለው። እኛ ሁለተኛውን አስቀደምን።»

«እንደገና ብትሆኑ እንደገና ታደርጉታላችሁ?»

ጋሽ ተገኝ ወደ ትርንጎ አላዩም። «እናደርገዋለን» አሉና ተቀመጡ።

ቀጥሎ ትርንጎ ተነሣች። ነገረ ፈጁ የግድግዳውን መዝገብ ይዟል። እስከ ኅዳር ድረስ በየሳምንቱ ስለ ወንድሟ ትጠይቅ ነበር። ከኅዳር በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም።

«ለምን አቆሙ?»

ኢልዛ ጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ አደረገቻት፤ አስበሽ መልሺ ነው ነገሩ። ትርንጎ ግን ደክሟት ነበር።

«ስጠይቃቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር» አለች። «ማዞራቸውን እንዳላይ ብዬ መጠየቅ ተውኩ።»

«ስለዚህ ጠርጥረዋል።»

«ጠርጥሬያለሁ። ጠርጥር ከገንፎ አይጠፋም ስንጥር ይባላል እኛ ዘንድ። መጠርጠር ግን መርዶ አይደለም። ማታ ሞቷል ብዬ እተኛና ጠዋት የለም አለ ብዬ እነሣ ነበር። ስፈርም ጠዋት ነበር።»

አስተርጓሚዋ ይህን ለዳኛዋ እንዴት እንደነገረቻቸው አይታወቅም። ዳኛዋ ጻፉ። ነገረ ፈጁ ግን ደስ ብሎት ተቀመጠ፤ ኢልዛም አንገቷን ስትደፋ ትርንጎ አየቻት። ለሐሙስ ሁለት ቀን ነው የቀረው። መርከቧን፣ ወደቡን፣ በወደቡ የሚጠብቋትን ሰዎች አሰበች።

«ተጠሪዋ ትጠየቅ» አሉ ዳኛዋ።

መስታወቱ ውስጥ ያለችው ትርንጎ ቀና አለች።

«ሚያዝያ ላይ አመልካቿ ስትፈርም ወንድሟ መሞቱን ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም ነበር» አለች ተጠሪዋ።

ነገረ ፈጁ ብድግ አለ። «ግንቦት ላይ አውቅ ነበር ብለሽ መልሰሻል!»

«እኔ አውቅ ነበር። እሷ አታውቅም ነበር።»

«አንቺ እሷ ነሽ። ሕጉ እንዲያ ነው የሚለው። አንቺ ያለሽ እሷ ያላት ብቻ ነው።» ወደ ዳኛዋ ዞረ። «ክብርት ዳኛ፣ ልዩነት ካለ ታሳየን። እሷ የምታውቀው፣ አመልካቿ ግን የማታውቀው አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ እዚሁ ትጥራ።»

ተጠሪዋ አፏን ከፈተች። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ ትርንጎ አዞረች። ትርንጎ በመስታወት የራሷን ፊት ሺህ ጊዜ አይታለች፤ እንዲህ ሲያያት ግን አይታው አታውቅም። የራሷ ዐይኖች አዘኑላት። ከዚያ የእጇን ጀርባ ወደ አፏ ወሰደችና ፊቷን መለስ አደረገች።

«እዚህ አይነገርም» አለች።

«አየሽ፣ የለም» አለ ነገረ ፈጁ።

«አለ።»

«እንግዲያ ተናገሪዋ።»

«ሰው ሲሰበሰብ ነው። ጠዋት ነው የሚነገረው። የሚይዛት ሰው ያስፈልጋታል።»

አዳራሹ ውስጥ ከትርንጎ ኋላ አንዲት ሴት ትንፋሿን ሳበች። ትርንጎ ዞር አለች። ጥሩዬ ጫማዋን ታያለች። የጥሩዬ ባል ጣሪያውን ያያል። እትዬ አረጋሽ የነጠላቸውን ጫፍ ጥርሳቸው ውስጥ አስገብተዋል። ጋሽ ተገኝ ብቻ ቀጥ ብለው አዩዋት፤ ዐይናቸው ግን ሞልቷል።

ዳኛዋ ፊታቸው ያለውን ሰሌዳ ነካ አደረጉ፤ ተጠሪዋ የያዘችው ነገር ለዳኛ ይከፈታል። ረዥም ሰዓት አነበቡ፤ ወይም አንድ መስመር ብቻ ነበርና ደጋግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። በዚህ ጊዜ ግን አልጠረጉትም፤ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ነገረ ፈጅ፣ ይቀመጡ» አሉ። ከዚያም ብይኑን ያለ ወረቀት ተናገሩ። «አመልካቿ የማታውቀውን ነገር በዙሪያዋ ያሉ ሰዎች፣ ቤቷም፣ ተጠሪዋም ሊያውቁ እንደሚችሉ ፍርድ ቤቱ አሁን በዐይኑ አይቷል። ተጠሪዋ ግንቦት አሥራ ሦስት የሰጠችው ቃል የአመልካቿ ቃል አይደለም። ጥያቄዋን ውድቅ ያደረገው ውሳኔ ተሽሯል። የሐሙሱ ጉዞ ተሰርዟል። አዲስ ችሎት ይቀጠርላት።»

ኢልዛ የትርንጎን ክንድ ጨበጠች። ትርንጎ አልተሰማትም።

ዳኛዋ ገና አልጨረሱም ነበር። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ አስተርጓሚዋ ግን ያንኑ ድምፅ ይዛ ቀጠለች። «ወይዘሪት ትርንጎ፣ በፋይልዎ ውስጥ ያለውን ሁሉ የማወቅ መብት አለዎት። ተጠሪዎ የያዘችውን አሁን እዚሁ መስማት ይችላሉ። ልንገርዎት?»

እናቷ ናቸው። ሌላ ማን ቀራት? ጠበሉም፣ ገንፎውም፣ ሊፍቱም፣ ያ የተዘቀዘቀ ነጠላም አንድ ነገር ነበሩ፤ ሆዷ ይህን ካወቀ ሳምንታት አልፈዋል። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። አንድ ቃል ብትል ነገሩ እዚህ፣ በዚህ ነጭ ክፍል፣ በዘይት ፀጉሩ ልጅ ፊት፣ ትንፋሽ በሌላት ሴት አማርኛ ይነገራታል።

«አይ» አለች ትርንጎ። «ሰዎቼ ይነግሩኛል።»

«መቼ?» አሉ ዳኛዋ። ይህ ጥያቄ የሕግ አልነበረም።

«ቀኑን እነሱ ያውቃሉ።»

ወደ ቤት የተመለሱት በባሕር ዳሩ ባቡር ነው። ድል አድርገው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው፤ አንድም ሰው ግን እንኳን ደስ አለሽ አላላትም፣ እሷም እንዲሏት አልጠበቀችም። እትዬ አረጋሽ እጇን ይዘው ተቀምጠዋል፣ አውራ ጣታቸው መዳፏን ያሻል። ባቡሩ አራት ፌርማታ አለፈ። መስኮቱ ላይ የራሷ ጥላ አብሯት ይሄዳል፤ ትርንጎ ወደዚያ አላየችም።

«ጋሽ ተገኝ» አለች።

«አቤት ልጄ።»

«ነገ ሥራ አልገባም። ቤት ነኝ፤ ጠዋትም ቤት ነኝ።»

ጋሽ ተገኝ ቆባቸውን አወለቁ። ከእትዬ አረጋሽ ጋር ተያዩ፤ ከኋላ ከተቀመጡትም ጋር ተያዩ።

«ደግ» አሉ። «እንመጣለን።»